ወለድ

ዘጠኝ ቀን ሆናቸው ድልድዩ ላይ ቆመው፣
ካሌብና ውብርስት ሊሳሳሙ ቀርበው።
በሷና በሱ ከንፈር መሀል
የአንዲት ጣት ስፋት ያህል
ጭጋግ ብቻ ቀርቷል።
ከሥራቸው አሲኒቦይን እንደ ብረት ደርቋል።
ያቆምኳቸው እኔ፣
"ነገ እመለሳለሁ" ብዬ የዋሸኋቸው እኔ።

መጀመሪያ ናኦድን አተኮሰው፤
ቀጥሎ ማጠቢያው ማሽን ፈሶ ምድር ቤቱን አራሰው፤
ከዚያ የሶልያና የትምህርት ቤት ትርዒት፤
እሷ ዛፍ ናት፣ ቅጠል ስሰፋላት ነጋ ሌሊት።
ከዚያ የሥራ ፈረቃ፣
ከዚያ ደግሞ ዕቃ፤
የታጠበ ዕቃ፣ ያልታጠበ ዕቃ።

ማንበብስ? ማንበብ በስርቆት ነው።
ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኳቸው፣
ሸሚዙን ያልቆለፈ ጎረምሳ ሽፋናቸው ላይ ያለ፣
በጋዜጣ ለብጄ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ፣
ቧንቧውን ለቅቄ፣
ውሃው ሳይነካኝ ሠላሳ ገጽ አልፌ እወጣለሁ።
ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ የእርድ ጣቴ አለ፤
ምስር እያማሰልኩ ሳለ
ሰውየው "አፈቅርሻለሁ" አለ።
ምስሩ አረረ።
ያን ማታ ገበታው ላይ ማንም አልተናገረ።

መጻፍ ሐሙስ ነው፤ ናኦድ ሆኪ ሲለማመድ፣
አንድ ሰዓት ከሩብ፣ መኪናዬ ውስጥ፣ ሞተሩ ሲነድ፣
ደብተሬን መሪው ላይ ዘርግቼ፣
ግራ እጄን በጓንት፣ ቀኜን ለብዕር ትቼ።
ሌሎቹ እናቶች ከመስታወቱ ኋላ ያጨበጭባሉ።
ናኦድ የመጀመሪያ ጎሉን ሲያገባ አላየሁም፤
ካሌብ ደብዳቤውን እየቀደደ ነበር።
"አየሁህ" አልኩት።
"በየትኛው ጥግ ገባ?" አለኝ።

ሰኞ የባንኩ ደብዳቤ መጣ፦ የቤቱ ዕዳ ወለድ ጨምሯል።
ልብ ወለዴ አጠገቡ ተዘርግቷል።
የወለድኳት ሶልያና መጥታ
በሁለቱም ላይ ወተት ደፋች።
ሦስቱም ሲያድሩ ያድጋሉ፤
ሦስቱም ያልከፈልኩትን ቀን ይቆጥራሉ።

መርዕድ የከተማው በረዶ ጠራጊ ነው።
እሱ ሲገባ እኛ እንወጣለን።
ፍቅራችን ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው፣ በማግኔት የተለጠፈ፦
"ወተት አልቋል።"
"ጎማሽ ነፋስ ጎድሎት ነበር፣ ሞልቼዋለሁ።"
"ናኦድ ጥርሱ ወለቀ።"
ደብተሬን ማንበቡን አላውቅም ነበር።
ማክሰኞ ንጋት ላይ ብከፍተው፣
ድልድዩ ያለበት ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣
በዚያ ሒሳብ የሚሠራ በሚመስል ቀጥ ያለ ጽሕፈቱ፦

"ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው።
ድልድዩን ትናንት ሌሊት የጠረግሁት እኔ ነኝ።
በዚህ ብርድ ማንም አይሳሳምም፣ ከንፈር ይሰነጠቃል።
ደግሞ ልጅቷ ኮፍያ የላትም።
መኪና ውስጥ አስገቢያቸው።
ማሞቂያው እስኪሞቅ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤
እስከዚያ እጇን ይያዝላት።"

ሳቅሁ። ደግሜ አነበብኩት። ሳቄ ተወኝ።
አሥራ አራት ዓመት አብሬው ስኖር
እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።
ካሌብ ዓይኑ ሐይቅ ነው፣ ግጥም በቃሉ ያወርዳል፤
በአራት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን አያውቅም።

ሐሙስ።
ከድልድዩ አወረድኳቸው።
ለውብርስት የሶልያናን ኮፍያ አዋስኳት፣ ባለ ጆሮውን።
በሩን ዘጋሁላቸው፤ ሞተሩ ተነሣ።
አንደኛው ደቂቃ።
ሁለተኛው።
እጇን —

መስኮቱ ተንኳኳ።
ናኦድ ነው፤ የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ፣
የግንባሩ ላብ በረዶ ሆኖ።
"እማዬ ራበኝ። ዛሬስ አየሽኝ?"
"አላየሁህም" አልኩት። "ያን ቀንም አላየሁህም። ንገረኝ።"
ትንሽ ዝም አለ።
ከዚያ ደብተሩን ገፋ አድርጎ ገባ፤
የቱ ጥግ እንደ ነበር፣ በእንፋሎት የታወረው መስታወት ላይ
በጣቱ ይሥልልኝ ጀመር።
ከኋላ መቀመጫ ሁለት ደቂቃ የቀራቸው ሰዎች አሉ።
ማሞቂያው ለቆላቸዋል፤
እስከ ሐሙስ ይቆዩ።